ኬኬ ሳሙና ሳሙና አለ፤ የልጄ ልደት ደግሞ ቅዳሜ ነው

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ነገር ለሌላ ሰው ተራ ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ባለፈው እሁድ የባለቤቴ ቤተሰቦች ሊጠይቁን መጡ። ሁልጊዜ የምሠራውን ኬክ ልሠራ ተነሳሁ። 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ 3 እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ 1 ኩባያ ወተትና 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ነው የሚገባበት። ዱቄቱን ነፍቼ ከጨረስኩ በኋላ ቤኪንግ ፓውደሩ ማለቁን አየሁ። ቤኪንግ ሶዳ ስለነበረኝ ያው ነው ብዬ 2 ማንኪያ ሶዳ አደረግሁበት። ኦቭን ውስጥ በደንብ ኩፍ ብሎ ነበር። ሲወጣ ግን መሃሉ ሰጠመ፣ መልኩ ጠቆረ፣ ሲቀመስ ደግሞ ሳሙና ሳሙና አለ። እንግዶቹ አንድ አንዴ ቀምሰው ሳህኑ ላይ ተዉት። አማቴ «ይሄ ነገር እጅ ይፈልጋል» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ግን ሰማሁ።

ማክሰኞ ብቻዬን ደግሜ ሞከርኩ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ በብርጭቆ አድርጌ ኮምጣጤ ጨመርኩበት፤ ገነፈለ። ጸጥ ሲል ሊጡ ላይ ደፋሁትና ጋገርኩት። የሳሙናው ጣዕም ጠፋ፤ ኬኩ ግን ክችች ብሎ ቀረ።

ቅዳሜ ልጄ 7 ዓመት ይሞላታል። «እማዬ፣ አንቺ የሠራሽውን ነው የምፈልገው» ብላኛለች። ባለቤቴ «ምን አደከመሽ፣ ገዝተን እንገላገል» ይላል። አማቴም ይመጣሉ። የምንገዛበት ሱቅ ቤኪንግ ፓውደር ከጠፋ ሰንብቷል። ቤት ውስጥ ሶዳ፣ ደረቅ እርሾ፣ እንቁላል፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤና እርጎ አለ። ከመደርደሪያው ጀርባ ደግሞ መቼ እንደከፈትኩት የማላስታውሰው የቤኪንግ ፓውደር ቆርቆሮ አግኝቻለሁ። ልሞክር ወይስ ይቅርብኝ?

ሊጧ ያስቸገራት

ምላሽ

ውድ እህታችን፣

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር ተጠላልፏል፤ አንዱ የሶዳው ልክ፣ ሌላው የአማትሽ ቃል። ሁለተኛው የበለጠ የከበደሽ ይመስላል። ቢሆንም ከሶዳው እንጀምር። የእሁዱን ኬክ ምን እንደነካው ስታውቂ ያ ቃል ቀለል ሳይልሽ አይቀርም።

ቤኪንግ ሶዳ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይባላል። ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ኬኩን የሚያነሳው ይህ ጋዝ ነው። ቤኪንግ ፓውደርም ውስጡ ያው ሶዳ ነው። ልዩነቱ የራሱን ደረቅ አሲድ ይዞ መምጣቱና ሁለቱ ቆርቆሮው ውስጥ እያሉ እንዳይነካኩ እርጥበት የሚጠጣ ስታርች ስላለበት ነው። ስለዚህ በማንኪያ ሲለካ ሶዳ ከቤኪንግ ፓውደር 3 እስከ 4 እጥፍ ይበረታል። ያንቺ ሊጥ የሚፈልገው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ነበር፤ 2 ማንኪያ ስታደርጊ 4 እጥፉን ሰጠሽው። በዚያ ላይ ሊጡ ውስጥ ሶዳውን የሚያረካ ኮምጣጣ ነገር አልነበረም፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ስኳርና ዘይት ይህን ሥራ አይሠሩም።

ሶዳ አሲድ ቢያጣም ሙቀት ሲበረታበት በራሱ ጋዝ ያወጣል። ከኋላው ግን ሶዲየም ካርቦኔት ይተዋል፤ ሳሙና ሳሙና ያለሽ እሱ ነው። መልኩ የጠቆረውም በዚሁ ነው፤ ሶዳ የበዛበት ሊጥ ኦቭን ውስጥ ቶሎ ይጠቁራል። መሃሉ የሰጠመው ደግሞ ጋዙ ከመጠን በላይ ሆኖ ትንንሾቹ አረፋዎች እየተጋጠሙ፣ እየተለቁ ስለፈነዱ ነው። ግድግዳው ሳይደርቅ ጣሪያ የተጫነበት ቤት አድርገሽ አስቢው። ዱቄቱና እንቁላሉ ሳይጠነክሩ አረፋው ካለቀ ኬኩ የሚደገፍበት ነገር አይኖረውም። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ እጅሽ ምን አጠፋ? ልኩ እንጂ እጅሽ አልተሳሳተም።

የማክሰኞው ችግር ሌላ ነው። ግማሽ ማንኪያ ማለትሽ በትክክል ገምተሻል። ነገር ግን ብርጭቆው ውስጥ ሲገነፍል ያየሽው አረፋ ራሱ ኬኩን ማንሳት የነበረበት ጋዝ ነው። ጸጥ እስኪል ስትጠብቂ ጋዙ አየር ላይ ተበተነ፤ ሊጡ ላይ የደፋሽው ሥራውን የጨረሰ ፈሳሽ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል፤ ሲገነፍል ሲያዩት ሥራ የጀመረ ስለሚመስል ነው። ሶዳ ከዱቄቱ ጋር ይነፋል፣ ኮምጣጣው ከፈሳሹ ጋር ይሆናል፣ ሁለቱ የሚገናኙት በመጨረሻው ደቂቃ ሊጡ ውስጥ ነው። ከተገናኙ በኋላ ሊጡ ጠረጴዛ ላይ መቆየት የለበትም፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ኦቭን ይግባ። ብዙ ቤኪንግ ፓውደሮች ግማሹን ጋዝ ለኦቭኑ ሙቀት ስለሚያስቀሩ ትንሽ መዘግየትን ይታገሳሉ። ሶዳና እርጎ ወይም ሶዳና ሎሚ ግን እንደተገናኙ ነው ሥራቸውን የሚጀምሩት።

ከመደርደሪያ ጀርባ ያገኘሽውን ቆርቆሮ አሁኑኑ ፈትሺው፤ ምናልባት ሌላው ሁሉ ላያስፈልግሽ ይችላል። ሩብ ኩባያ ያህል ትኩስ ውሃ በብርጭቆ ቅጂና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከቆርቆሮው ፓውደር ጣል አድርጊበት። ደህና ከሆነ ወዲያው ከታች እስከ ላይ ጥቃቅን አረፋ እያወጣ ይንፈቀፈቃል፤ ድምፁም ይሰማል። ጥቂት አረፋ አሳይቶ ፓውደሩ ብርጭቆው ሥር ከተኛ እርጥበት ገብቶበታልና ጣይው። «ደክሟል፣ እጥፍ ላድርገው» አትበይ፤ ምን ያህል እንደደከመ መለኪያ የለሽም። ሶዳውንም በዚያው ፈትሺው፤ የሚፈተነው ግን በኮምጣጤ ነው። ጠብታ ሲነካው ካልፈላ አይረባም።

ቆርቆሮው ሞቶ ከሆነ ለአንቺ ኬክ የምንመርጥልሽ እርጎውን ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ 1 ኩባያ እርጎ ውስጥ ያለው አሲድ በደንብ ያረካዋል፤ ልኩ ከኬክሽ ጋር ልክክ ይላል። ወተቱን ሙሉ በሙሉ ትተሽ በቦታው 1 ኩባያ እርጎ አድርጊ። እርጎው ወፍራም ከሆነ በ2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ወተት አቅጥኚው። ሶዳውን ስትለኪ ማንኪያውን በቢላ ጀርባ ጠርገሽ አስተካክይው፤ የተቆለለ ማንኪያ እንደ እሁዱ ሊያደርግሽ ይችላል። ከዱቄቱ ጋር ሁለት ጊዜ ንፊው፤ ሳይበተን የቀረ እብጥ ሶዳ ኬኩ ውስጥ ቡናማ ነጥብ ይሆንና የነከሰውን ሰው ያስመርረዋል። እንቁላሉንና ስኳሩን 3 ደቂቃ ያህል ነጣ እስኪል ምቺ፣ ዘይቱን ጨምሪ፣ እርጎውን ጨምሪ፣ ዱቄቱን በመጨረሻ። ዱቄት ከገባ በኋላ ነጭ እንደጠፋ ማንኪያሽን አስቀምጪ። አብዝቶ ማማሰል ዱቄቱን ያጠነክረዋል፤ ጋዙንም ያስወጣል።

ሎሚው ሁለተኛ ምርጫሽ ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብሽ፤ ለሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ይበቃል የሚል ምክር በብዛት ይነገራል። ኬኩ በዚያም ይነሳል፤ ሶዳውን በሙሉ ለማርካት ግን አይበቃም፤ የተረፈው ምላስ ላይ ይቀራል። ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ የሎሚ ጭማቂ ወይም ተራ 5 በመቶ ኮምጣጤ ይፈልጋል። ላንቺ ግማሽ ማንኪያ ሶዳ 2 የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ከ1 ኩባያ ወተት 2 የሾርባ ማንኪያ ቀንሺና በምትኩ ሎሚውን አድርጊበት፤ 5 ደቂቃ ይቆይ። ወተቱ ይቆራረጣል፤ የተበላሸ ቢመስልም ደህና ነው። ኬኩ ይኮመጥጣል ብለሽም አትስጊ፤ ሶዳውና ሎሚው ተዋግተው ስለሚጠፋፉ የሚቀረው ትንሽ ሽታ ነው። ከኮምጣጤ ይልቅ ሎሚ ያልንሽም ለዚህ ነው፤ የሎሚ ሽታ ለኬክ ይስማማል።

ምናልባት ክሬም ኦፍ ታርታር የሚባለው ነጭ ዱቄት ከጎረቤት ቢገኝልሽ የምግብ አሠራርሽን ሳትነኪ ወተቱን እንዳለ ትተይዋለሽ። ለ1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩብ ማንኪያ ሶዳና ግማሽ ማንኪያ ክሬም ኦፍ ታርታር ነው፤ ላንቺ እጥፉን። ወዲያው የምትጠቀሚበት ከሆነ ስታርች አያስፈልገውም።

አሁን ደግሞ ልጅሽ ፊት መሥራት ከወደድሽ እጅግ ደስ የሚለውን መንገድ እንንገርሽ፤ ሶዳም ፓውደርም የማይፈልግ፣ በእንቁላል ብቻ የሚነሳ ስፖንጅ። ለ20 ሴንቲ ሜትር ክብ መጋገሪያ 4 እንቁላል፣ 120 ግራም ስኳር፣ 120 ግራም ዱቄትና ቆንጠር ጨው ይበቃል። እንቁላሉ ከፍሪጅ ወጥቶ ቅዝቃዜው የለቀቀው ይሁን፤ ለብ ያለ እንቁላል የበለጠ አየር ይይዛል። ከስኳሩ ጋር በኤሌክትሪክ መምቻ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ምቺው። መጀመሪያ ቢጫ ፈሳሽ ነው፤ ቀስ በቀስ ይነጣል፣ ይወፍራል፣ ሳህኑን እየሞላ ይመጣል። መምቻውን ስታነሺ የሚወርደው እንደ ሪባን ተጣጥፎ ላዩ ላይ ጥቂት ሰከንድ ሳይሰምጥ ከቆየ ደርሷል። ቶሎ ከሰመጠ ገና ነው፤ ሁለት ደቂቃ ጨምሪለት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ያን ሁሉ አየር ይዘሽ ዱቄቱን በአንድ ጊዜ ከገለበጥሽበት ክብደቱ አረፋውን ይዞት ይሰምጣል። በሦስት ዙር ንፊበት። በሰፊ ማንኪያ ከመሃል ወደ ታች ሰንጥቀሽ ግቢ፣ ከሥር ይዘሽ ውጪና ላዩ ላይ ገልብጪው፤ ሳህኑን በሌላ እጅሽ ትንሽ አዙሪና ድገሚ። በክብ አታማስይው። የመጋገሪያውን ታች በወረቀት አልብሺ እንጂ ጎኑን ቅባት አትቀቢው፤ ሊጡ እየተቆናጠጠ የሚወጣበት ደረቅ ግድግዳ ይፈልጋል። በ175 ዲግሪ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ጣዕሙ ከለመዳችሁት የዘይት ኬክ ይቀላል፤ ይደርቃልም፤ ስለዚህ ክሬም ወይም ሽሮፕ ይወዳል። የኤሌክትሪክ መምቻ ከሌለሽ ግን ይህን ለሌላ ቀን አቆዪው። በእጅ ይቻላል፤ በልደት ጠዋት ግን ክንድሽን አትቅጪው።

እርሾውን ለዳቦ አስቀምጪው። ስኳር እንደዚህ የበዛበት ሊጥ ውስጥ እርሾ ይለግማል፤ ለሰዓታት ጠብቀሽ የምታገኚውም የዳቦ ጣዕም ያለው ነገር ነው። በተቃራኒው አንድ ቀን እርሾ አልቆብሽ ዳቦ ካማረሽ ሶዳው ይደርስልሻል፦ 450 ግራም ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና ወደ 400 ሚሊ ሊትር የቀጠነ እርጎ። እርጎውን ሁሉንም በአንዴ አትጨምሪ፤ ሊጡ ሲያያዝልሽ አቁሚ። እንዲህ ያለው ሊጥ ሳይታሽ ወዲያው ነው የሚጋገረው። ሶዳ ጎድሎሽ ፓውደር ካለሽ ደግሞ 1 ማንኪያ ሶዳን በ3 ማንኪያ ፓውደር ተኪና ጨውን ቀንሺ።

ወደ ሌላው ጉዳይ እንመለስ። አማትሽ «እጅ ይፈልጋል» ሲሉ ስለዚያ አንድ ኬክ ነው ወይስ ስለ አንቺ ነው የተናገሩት? ከዚህ በፊት ያቀረብሽላቸውን በልተው አመስግነውሽ ያውቃሉ? አመስግነውሽ ከሆነ ያን ቃል ከነዚያ ምስጋናዎች ጎን አስቀምጪውና እንደገና ስሚው። አመስግነውሽ የማያውቁ ከሆነ ደግሞ ሕመሙ ከእሁዱ የቆየ ነውና ኬክ ብቻውን አይፈውሰውም፤ ለእሱ ከባለቤትሽ ጋር ረጋ ያለ ንግግር ያስፈልጋል። ባለቤትሽስ «እንግዛ» ያለሽ እጅሽን ንቆ ነው ወይስ እሁድ ማታ ፊትሽ ላይ ያየውን ድጋሚ ላለማየት? ጠይቂው። «የገዛነው እንዳይሆን የፈለግሁት ልጄ የእኔን ስላለች ነው፤ አግዘኝ» ብትይው ምናልባት የመጀመሪያው ቀማሽ እሱ ይሆናል።

አማትሽንም ቅዳሜ እስኪቀምሱ ድረስ በሐሳብ ተሸክመሽ አትቆይ። ሲመጡ ቀድመሽ «እሁድ ያስቀመስኩዎት ልኩ ተሳስቶብኝ ነው፤ ፓውደር አልቆብኝ ሶዳውን አብዝቼው ኖሯል። የዛሬውን ቀምሰው ይፍረዱኝ» በያቸው። ስህተቱን አንቺ በስሙ ከጠራሽው ሌላ ሰው የሚጨምርበት ነገር ትንሽ ነው።

ለመሞከር ቅዳሜን አትጠብቂ። ሐሙስ ማታ የእርጎውን ኬክ ግማሹን ሥሪ፦ 1 ኩባያ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ ግማሽ ኩባያ እርጎ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ። እንቁላሉ አንድ ተኩል ይሆናል፤ ሁለተኛውን በሲኒ መትተሽ ግማሹን፣ ማለትም አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ያህል ጨምሪ። በትንንሽ የኬክ ኩባያዎች እስከ ሁለት ሦስተኛቸው ሞልተሽ በ180 ዲግሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጋግሪ። ሲወጡ አንዱን ከመሃል ቁረጪው። ቀዳዳዎቹ ደቃቅና እኩል ከሆኑ፣ ጣት ስትጫኚው ተመልሶ ከተነሳና ምላስሽ ላይ የሚቆነጥጥ ነገር ካልቀረ ተሳክቶልሻል። ሳሙና ሳሙና ካለ ሶዳው በዝቷል ወይም እርጎው ገና ያልኮመጠጠ ነው፤ በሚቀጥለው ቆየት ያለ፣ ጎምዘዝ ያለ እርጎ ተጠቀሚ። ሳይነሳ ከቀረ ሶዳው ደክሟል ወይም ሊጡ ቆይቷል።

ሐሙስ ካልተሳካ ዓርብ ኬክ ለማዘዝ ጊዜ አለሽ፤ ብታዢም የተሸነፍሽ እንዳይመስልሽ። ልጅሽ «አንቺ የሠራሽውን» ስትል የምትፈልገው ምን እንደሆነ ራሷን ጠይቂያት። ምናልባት አብራሽ ዱቄት መንፋት፣ ማንኪያ መላስ፣ ላዩን ማስጌጥ ነው የናፈቃት፤ ያ ደግሞ በሁለቱም መንገድ ይቻላል።

ከተሳካ ሙሉውን ዓርብ ማታ ጋግሪ። ዘይትና እርጎ ያለበት ኬክ በደንብ ቀዝቅዞ ከተጠቀለለ በማግስቱ አይደርቅም። ለሙሉው ልክ 23 ሴንቲ ሜትር መጋገሪያ፣ 175 ዲግሪ፣ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹን 25 ደቂቃዎች በሩን አትክፈቺ፤ ያልጠነከረ ኬክ ቀዝቃዛ አየር ሲመታው ይሰጥማል። ከዚያ በኋላ መሃሉን በቀጭን እንጨት ወግተሽ እይው፤ እንጨቱ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደርሷል። ዱቄትና ሶዳውን መንፋቱን ለልጅሽ ስጫት፤ እርጎውን ግን ኦቭኑ በደንብ መጋሉን ሳታረጋግጪ ከዱቄቱ ጋር እንዳታገናኚው።